የደም ግፊት መለኪያ ለቤት፦ የክንድ፣ የእጅ አንጓ፣ በእጅ የሚነፋ ወይስ ስማርት ሰዓት?

ለቤት የደም ግፊት መለኪያ ሊገዛ የተነሣ ሰው አራት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል፦ ክንድ ላይ ታስሮ በራሱ የሚነፋ፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር፣ በእጅ እየተነፋ በማዳመጫ የሚሰማ፣ ግፊትን በብርሃን እለካለሁ የሚል ስማርት ሰዓት። ሻጮች ስለ ስክሪኑ ስፋት፣ ስንት ልኬት መዝግቦ እንደሚይዝና ስለ ዋጋው ያወራሉ። ገዢ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ይህ ዕቃ የአምስት ነጥብ ለውጥ ያሳየኛል?

አምስት ያልሁት በዘፈቀደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያ እንደሚያሳየው፣ የደም ግፊት ያለበት ሰው ጨው በደንብ ሲቀንስ የላይኛው ቁጥር (120 በ80 ሲባል 120ው) በ5 ወይም በ6 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል፤ ነጥብ የምለውም ይህንኑ የግፊት መለኪያ አሃድ ነው። አዘውትሮ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ሲያደርግ ከ5 እስከ 8 ይወርዳል፤ ክብደት ሲቀንስ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ነጥብ ያህል ያተርፋል። ከ40 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ የላይኛው ቁጥር 20 ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር በልብ ሕመምና በስትሮክ የመሞት ዕድል በእጥፍ እንደሚያድግ ሲታሰብ፣ እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ቁጥሮች ተደምረው ሕይወት ናቸው። እንግዲህ የሽሮዋን ጨው የቀነሰች፣ በየማለዳው ግማሽ ሰዓት የምትራመድ እናት ድካሟ ፍሬ ማፍራቱን ልታይ ይገባታል። በአሥር ነጥብ የሚሳሳት መሣሪያ ይህን ፍሬ ይሸፍንባታል። አለዚያም ሳይወርድ ወርዷል ብሎ ያሳምናትና ኪኒኗን ያስቆማታል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው።

በዚህ መስፈርት አራቱን እንያቸው።

በራሱ የሚነፋ የክንድ መለኪያ

አብዛኛው ሰው መግዛት ያለበት ይህንን ነው፤ አስተያየቴን ከወዲሁ ልናገር። መሣሪያው የክንዱን ማሰሪያ በአየር ሞልቶ ሲያስተነፍስ፣ የደም ቧንቧው ትርታ በማሰሪያው ውስጥ የሚፈጥረውን ንዝረት ይይዛል፤ ከዚያም ሁለቱን ቁጥሮች ያሰላል። ማሰሪያው የሚውለው በልብ ትይዩ ስለሆነ በእጅ አቀማመጥ የሚመጣው ስሕተት አነስተኛ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ያለ ረዳት ይለካበታል። በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራም መብራት ቢጠፋ አይቸግርም።

ግን የክንድ መለኪያ ሁሉ አንድ አይደለም። ሁለት ነገር ይለያቸዋል፤ ሁለቱም ከዋጋው ይበልጣሉ።

የመጀመሪያው የማሰሪያው ልክ ነው። በክርንና በትከሻ መካከል ያለውን የክንድ ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ። በብዛት የሚሸጠው መደበኛ ማሰሪያ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ላለው ክንድ ነው፤ ሰፊው እስከ 42 ይደርሳል። ክንዱ 36 የሆነ ሰው መደበኛውን ቢያስር መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ይነግረዋል፤ ቀጭን ክንድ ላይ ሰፊ ማሰሪያ ከዋለ ደግሞ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ወፍራም ክንድ ያለው ሰው ርካሹን ዕቃ ከሰፊ ማሰሪያ ጋር ቢገዛ፣ ውዱን በመደበኛ ማሰሪያ ከሚገዛ ይሻለዋል። ለባልና ሚስት አንድ መሣሪያ ሲገዛም የሁለቱም ክንድ ይለካ።

ሁለተኛው፣ የሞዴሉ ትክክለኛነት በገለልተኛ ሙከራ መረጋገጡ ነው። የታወቀ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የሚረጋገጠው በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር ነው። ኦምሮን፣ ማይክሮላይፍና ቦይረር ብዙ የተረጋገጡ ሞዴሎች አሏቸው። ስትራይድ ቢፒ የተባለው ዓለም አቀፍ ዝርዝርና በአሜሪካ ያለው ቫሊዴት ቢፒ ሁለቱም በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። ከመክፈልዎ በፊት የሞዴሉን ቁጥር በስልክዎ ይፈልጉት፤ ከዝርዝሩ ከሌለ ሌላ ይጠይቁ። ለነፍሰ ጡር ሴት የሚገዛ ከሆነ በእርግዝና ላይ ጭምር የተረጋገጠ መሆኑን ይዩ።

ስልክ ጋር የሚገናኝበት ብሉቱዝ፣ ሁለት መቶ ልኬት የሚይዝ ማስታወሻ፣ የሚናገር ድምፅ እያሉ ዋጋ የሚጨምሩት ነገሮች ለብዙው ቤት አስፈላጊ አይደሉም። ዐይኑ ለደከመ አባት ግን ትልልቅ ቁጥር ያለው ስክሪን ይጠቅማል፤ ለዚህ ቢጨምሩ አያስቆጭም።

ከአሜሪካ ለቤተሰብ መሣሪያ የምትልኩ ወገኖችም አንድ ነገር አስተውሉ። አብሮ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ማገናኛ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ሲሰካ 220 ቮልት ይጠብቀዋል። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ካልተጻፈበት ማገናኛውን አስቀሩና ባትሪ ድንጋይ ላኩ።

የእጅ አንጓ መለኪያ

ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ እጅጌ ማውለቅ አያስፈልገውም፤ ለዚህም ይወደዳል። ችግሩ ያለው አቀማመጡ ላይ ነው። የሚለካበት ቦታ ከልብ በታች 10 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ቁጥሩ በ8 ነጥብ ገደማ ይጨምራል፤ ከልብ በላይ ከፍ ቢል ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል። አንዱ ቀን እጅን ጭን ላይ፣ ሌላው ቀን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ የሚለካ ሰው፣ ጨው በመቀነስ ያገኘውን አምስት ነጥብ በእጁ አቀማመጥ ብቻ ያጣዋል። ስለዚህ ለብዙው ሰው አልመክረውም።

ሆኖም ይህን መለኪያ የግድ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ክንዳቸው እጅግ ወፍራም ሆኖ የትኛውም ማሰሪያ በልኩ የማይቀመጥላቸው፣ ወይም በሕመም ምክንያት ክንዳቸው እንዳይታሰር በሐኪም የተነገራቸው ሰዎች ይግዙት። ሲለኩም ክርናቸውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው የእጅ አንጓቸውን በልብ ትይዩ ይያዙ።

በእጅ የሚነፋውና ማዳመጫው

ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ እ.ኤ.አ. በ1905 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፦ ማሰሪያው ቀስ እያለ ሲተነፍስ የመጀመሪያው የትርታ ድምፅ የተሰማበት የላይኛው፣ ድምፁ የጠፋበት የታችኛው ቁጥር ይሆናል። ብዙ ጊዜ ከአራቱ ርካሽ ነው፤ ባትሪም አይፈልግም። በሠለጠነ እጅ እጅግ ጥሩ መሣሪያ ነው። የልብ ምታቸው የተዛባ ሰዎች ላይ በራሱ የሚነፋው ሊሳሳት ስለሚችል፣ ሐኪሞች ወደዚህ መለስ ይላሉ።

ለቤት ግን የሚሆነው ነርስ ወይም የጤና መኮንን ላለበት ቤተሰብ ብቻ ነው። አየሩ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ነጥብ ብቻ እየቀነሰ መውጣት አለበት፤ የሚያዳምጠው ሰው ጆሮም ደህና መሆን ይኖርበታል። ባለ ሰዓት ቅርጹ ጠቋሚ አንድ ጊዜ ከወደቀ ሳይታወቅ ሊዛባ ስለሚችል በየጊዜው መፈተሽ ያስፈልገዋል። ሜርኩሪ ያለበትን አሮጌውን ዓይነት ማንም ርካሽ ነው ብሎ አይግዛ፤ ሜርኩሪ መርዝ ነው፣ ሜርኩሪን ለመገደብ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነትም ከአገልግሎት እንዲወጣ ተወስኗል።

ስማርት ሰዓት

ሰዓቱ ለልብ ጤና ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ሰዎች በሚገዙበት ምክንያት አይደለም። እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ፍጥነት ያሳያል፣ አንዳንዶቹ የልብ ምት መዛባትን አስተውለው ያስጠነቅቃሉ። ቁጭ ብሎ የሚውልን ሰው ተነሥ፣ ተራመድ የሚል መሣሪያ ቀላል ነገር አይደለም።

ግፊትን በቁጥር መለካት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሳምሰንግ ሰዓት ግፊት ለማሳየት በየ28 ቀኑ በክንድ መለኪያ መስተካከል አለበት። ይህ ማለት የክንዱን መለኪያ መግዛት አልቀረም ማለት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2025 ያመጣው ማስጠንቀቂያ ደግሞ የግፊት ምልክት አይቻለሁ ይላል እንጂ ቁጥር አይሰጥም። ከእነዚህ የሚለየው የሁዋዌ ዎች ዲ ነው፤ ማሰሪያው ውስጥ በአየር የሚሞላ ከረጢት ስላለው በእርግጥ ይለካል፤ ያም ቢሆን የእጅ አንጓ መለኪያ ስለሆነ ከላይ ያልሁት ሁሉ ይመለከተዋል። በገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡት፣ በሁለት ሰከንድ 120 በ80 የሚሉ ስም የለሽ ሰዓቶች እንዲሁም ጣትዎን ካሜራው ላይ ያድርጉ የሚሉ የስልክ መተግበሪያዎች የሚያሳዩት ቁጥር መድኃኒት ሊወሰንበት አይገባም። ገንዘብዎ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የክንዱን ይግዙ።

መግዛት የማያስፈልጋቸው

ዕድሜያቸው ከ40 በታች የሆነ፣ ግፊታቸው ጤናማ የሆነ፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ጤና ጣቢያ በሄዱ ጊዜ መለካት ይበቃቸዋል። ቁጥር ሲያዩ የሚጨነቁና በቀን አሥር ጊዜ የሚለኩ ሰዎችም፣ ጭንቀቱ ራሱ ግፊት ስለሚጨምር፣ ከሐኪም ሳይመክሩ ባይገዙ ይሻላል። በተቃራኒው ነጭ ጋዋን ሲያዩ ግፊታቸው የሚወጣ፣ ሐኪም ቤት ደህና ሆኖ ቤት ሲገቡ ከፍ የሚል፣ አዲስ ኪኒን የጀመሩ፣ ወላጃቸው በስትሮክ የታመመ ሰዎች ከቤት መለኪያ ብዙ ያተርፋሉ።

ከገዙ በኋላ

ጥሩ መሣሪያም በመጥፎ አለካክ ይበላሻል። በእኛ ቤት ትልቁ አሳሳች ቡና ነው። አቦሉን ጠጥቶ ቶናውን እየጠበቀ የሚለካ ሰው የሚለካው ቡናውን ጭምር ነው። ከቡና፣ ከሲጋራና ከእንቅስቃሴ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆዩ። ሽንትዎን ሸንተው፣ ጀርባዎን ደግፈው፣ እግርዎን ሳያጣምሩ መሬት አስነክተው 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ማሰሪያው ባዶ ክንድ ላይ ይዋል፤ ሹራብ ላይ አይታሰርም፣ ተጠቅልሎ ክንድ የሚያንቅ እጅጌም አይሆንም። በሚለካበት ጊዜ አይነጋገሩ። መጀመሪያ ሁለቱንም ክንድ ለክተው ከፍ ያለውን ለዘወትር ይምረጡ።

ከሐኪም ቀጠሮ በፊት ለሰባት ቀን፣ ጠዋት ከኪኒን በፊትና ማታ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ለክተው ይጻፉ። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀሪውን አማካይ ያውጡ። በቤት አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ በሐኪም ቤት ሲለካ ግን መስፈርቱ በብዙ አገሮች 140 በ90 ነው። የአንድ ቀን ከፍታ አያስደንግጥዎ። ቁጥሩ ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአካል መዛል ወይም የአፍ መጣመም ካለ ግን ደግመው እየለኩ ጊዜ አያጥፉ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጨው የሚቀንስ ሰውም ከሚቀንስበት ሳምንት በፊት ይለካ፤ መነሻው ያልታወቀ ለውጥ አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው፤ በበርበሬው፣ በሚጥሚጣውና በዳቦው ውስጥ ያለው ጭምር ይቆጠራል። ከአንድ ወር በኋላ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ክንድ ደግመው ይለኩና አማካዮቹን ያስተያዩ።

መሣሪያውን በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘው ይሂዱ። ባለሙያዋ በራሷ መለኪያ፣ ከዚያ በእርስዎ፣ በዚያው ክንድ እያፈራረቀች ትለካ። ልዩነቱ በተደጋጋሚ ከ10 ነጥብ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ማሰሪያውን ይመርምሩ፤ አየር የሚያስወጣ ከሆነ እርሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ማሰሪያው ደህና ሆኖ ልዩነቱ ካልጠበበ መሣሪያውን ይለውጡት።