የሚለካው ቦርሳ ሌላ፣ የሚሸጠው ሌላ

ቁጣዬ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። የካሜራ ቦርሳ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይም ከባድ ሌንስ ተሸክማችሁ ወደ ባሌ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ መንዝ ጓሳ የምትወጡ የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ አንሺዎች፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ አትክፈሉ። ሱቅ ውስጥ አዝላችሁ የምትለኩት ቦርሳና በፕላስቲክ ታሽጎ የሚሰጣችሁ ቦርሳ አንድ አይደሉም። እኔን ያታለሉኝ በዚህ መንገድ ነው። ነገሩ የአንድ ቀን ስህተት ሳይሆን የለመዱት ሥራ መሆኑን ከአነጋገራቸው ተረድቻለሁ።

የሱቁን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ ነክ ዕቃ ፍለጋ የዞረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሁሉም ዕቃ ኦሪጅናል ነው። ሁሉም ዕቃ የመጨረሻው ነው፤ ከዚህ በኋላ በዚህ ዋጋ አይገኝም። ዋጋ ስትጠይቁ መልሱ ከመምጣቱ በፊት ከእግር እስከ ራስ ትታያላችሁ። ከገንዘብ መቀበያው በላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

የፈለግኩት ቅንጦት አልነበረም። ከ200 እስከ 500 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው የኒኮን ሌንሴ ብቻውን 2.3 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ካሜራው፣ ባለሦስት እግር ማቆሚያው፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ የብርድና የዝናብ ልብስ ሲጨመርበት ጭነቱ አሥር ኪሎ ይጠጋል። ይህን ይዞ በአየሩ ስስነት ትንፋሽ በሚያጥርበት ከፍታ ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚጓዝ ሰው ምቾት ማለት ትከሻ ላይ የሚለሰልስ ስፖንጅ ብቻ አይደለም። የጭነቱ አብዛኛው ክፍል ዳሌ ላይ ማረፍ አለበት። ለዚህ ደግሞ ወፍራምና ጠንከር ያለ የወገብ ቀበቶ፣ ከጀርባው ውስጥ ክብደቱን ወደ ቀበቶው የሚያወርድ የአሉሚኒየም ዘንግ፣ ከሰውየው የጀርባ ርዝመት ጋር የሚስማማ ልክ ያስፈልጋል። ልኩ የሚወሰደው ከአንገት ሥር ጎልቶ ከሚታየው አጥንት እስከ ዳሌ አጥንት አናት ድረስ ነው። የእኔ ጀርባ አጭር በመሆኑ ብዙዎቹ ቦርሳዎች ቀበቷቸው ከዳሌዬ በታች ይወርድና መቀመጫዬን ይመታል። ስለዚህ ሳልለካ የምገዛው ቦርሳ የለም። ካሜራዬንና ሌንሴን ይዤ፣ ጓደኛዬን አስከትዬ የሄድኩትም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደዚያች ሰዓት ልመለስ፤ አሁንም ዓይኔ ላይ ናት።

ሻጩ ወጣት፣ ትሑት፣ አንደበቱ የቀና ነው። ከመደርደሪያው ጎን ካለው መንጠቆ ላይ አንድ ጥቁር ቦርሳ አወረደ። ሌንሴን ከካሜራው ሳልነቅል ውስጡ አስገባው፤ በልኩ ገባ። ከዚያ አሳዘለኝና ማስተካከል ጀመረ። «መጀመሪያ የትከሻውን አትሳቢው፤ መጀመሪያ ወገቡን ነው» አለኝ። ቀበቶውን ዳሌ አጥንቴ ላይ አሳርፎ ዘለበቱን ቆለፈ፤ ከዚያ የትከሻ ማንገቻዎቹን በልኩ ሳበ፤ ከማንገቻዎቹ አናት ላይ ያሉትን ትንንሽ ማጥበቂያዎች ወደ ፊት ጎትቶ ቦርሳውን ከጀርባዬ ጋር አስጠጋው። የደረቱን ማያያዣ ሲቆልፍ «ይህን አታጥብቂው፣ ተራራ ላይ ትንፋሽ ይከለክልሻል» አለኝ። አንድም ስህተት አልተናገረም። ክብደቱ ከትከሻዬ ላይ ሲነሳ በግልጽ ተሰማኝ። ሱቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ቀና አልኩ። ጓደኛዬ በስልኳ ፎቶ አነሳችኝ። ያች ፎቶ ዛሬ ማስረጃዬ ናት።

በዋጋው ተከራከርን፤ ከ24,000 ብር ወርዶ በ21,500 ብር ተስማማን። ልክፈል ስል እጁን ዘርግቶ የወገቤን ዘለበት ራሱ ፈታው። ማንገቻውን ከትከሻዬ ላይ አወረደና ሌንሴን አውጥቶ ሰጠኝ። ቦርሳውን ወደዚያው መንጠቆ መልሶ ሰቀለው።

«ይህ ለናሙና የተሰቀለ ነው፤ ስንት ሰው የለካው፣ አቧራ የጠጣ ነው። ያልተነካውን ላምጣልሽ» አለ።

«ግድ የለም፣ ይኸው ይሁንልኝ» አልኩት።

«አይሆንም እህቴ! ይህን ሰጥቼሽ ነገ ብታሚኝስ?»

አንድ ልጅ ወደ መጋዘን ተላከ። ልጁ እስኪመለስ ድረስ ገንዘቡን በስልኬ አስተላለፍኩ። የመጣው በወፍራም ፕላስቲክ የታሸገ ቦርሳ ነው፤ ያው ጥቁር ቀለም፣ ያው የታወቀ ስም፣ ያው የተንጠለጠለ ካርድ። ፕላስቲኩን ልከፍት እጄን ስሰድ እጄን በቀስታ ያዝ አድርጎ «ዝናብ እየመጣ ነው፤ እንደታሸገ ይሂድልሽ፣ ቤትሽ ክፈቺው» አለኝና ትልቅ ፌስታል ውስጥ ከተተው። ሲሸኘኝም «በሰላም ያስገባሽ፤ ያነሳሽውን ፎቶ አምጥተሽ ታሳዪኛለሽ» ብሎ መረቀኝ።

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሰውየው ጥሩ ቦርሳ ምን እንደሆነ ያውቃል። ክብደት የት ማረፍ እንዳለበት፣ ምን መጥበቅ፣ ምን መላላት እንዳለበት ከእኔ በላይ ያውቃል። ያንን ሁሉ በእጁ አስተምሮኝ፣ ያስተማረኝ ነገር አንዱም የሌለበትን ዕቃ አሸክሞ ሰደደኝ። ባሌ እንደምሄድ ነግሬዋለሁ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ፣ መመለሻ በሌለበት ቦታ እንደምሸከመው ያውቃል።

ባሌ ውስጥ ያለው ሳነቴ አምባ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ነው። ቀይ ቀበሮን ለማንሳት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ሁሉም በአገራችን ውስጥ፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ባሌ ላይ። ምግባቸው የሆኑት ፍልፈሎችና አይጦች ቀን ቀን ስለሚወጡ ቀበሮውም የሚያድነው በቀን ብርሃን ነው። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው። እኔ ዕድሉን የፈለግኩት ግን ከመንገዱ ርቄ፣ ጅብራ በሚባለው ረጅም የደጋ ተክል መካከል በእግር እየተጓዝኩ ነው።

እዚያ ሄጄ ነው ምን እንዳሸከሙኝ የገባኝ። የወገብ ቀበቶው ስፋቱ ሁለት ጣት የማይሞላ፣ ምንም ስፖንጅ የሌለበት ተራ ጥብጣብ ነው። ሲያጠብቁት ሆድ ይቆርጣል፤ ሲያላሉት ይንሸራተታል። ጭነቱ በሙሉ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። የማንገቻው ስፖንጅ በሁለት ጣት ሲጫኑት ጣት ከጣት ይገናኛል። ብዙም ሳንርቅ የቀኝ እጄ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ፤ ማንገቻው ብብቴ ሥር እየገባ ደሙንና ነርቩን ይዞታል። አንድ ቀበሮ ፍልፈል ለመያዝ ጉድጓድ አፍ ላይ አድብቶ አየነው። አስጎብኚዬ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ ቀስ ብዬ ቦርሳውን ከትከሻዬ ላውርድ ስል የግራው ማንገቻ ከሥሩ ተተረተረ። ቦርሳው በሌንሱ በኩል ድንጋይ ላይ ወደቀ። ቀበሮው ሮጠ። የሌንሴ የፊት መከለያ ተሰነጠቀ፤ የትኩረት ቀለበቱም ከዚያ ወዲህ ሲዞር ይንቋቋል።

ማንገቻው የተነቀለበትን ቦታ ገልጬ አየሁት። አሥር ኪሎ የሚጠጋ ጭነት የሚሸከም ስፌት ተደራርቦ፣ ደጋግሞ ተሰፍቶ መጠንከር አለበት። እዚህ ያለው አንድ መስመር ስፌት ነው፤ ክሩም በጥፍር ሲስቡት ይበጠሳል። በተቀደደው በኩል እጄን ወደ ጀርባው ስከት የአሉሚኒየም ዘንግ መኖር ባለበት ቦታ ላይ ያገኘሁት ታጥፎ የገባ ካርቶን ነው። ጠርዙ በላቤ ርሶ መላጥ ጀምሯል። በዚህ ካርቶን ነው 21,500 ብር የከፈልኩት። አስጎብኚዬ ከፈረሱ ጭነት ላይ ገመድ ፈትቶ ቦርሳውን አሰረልኝ፤ ሌንሱን በጋቢ ጠቅልዬ በእቅፌ ይዤው ወረድኩ። በማግስቱ እዚያው ባሌ፣ ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን አጠገባችን ቆሞ እያየን እጄ ተንቀጥቅጦ ጥርት ያለ ፎቶ አላገኘሁም።

እንደተመለስኩ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ያ ትሑት ወጣት ከመደርደሪያው ኋላ አለ፤ አይቶኛል፣ ግን ቀና አላለም። ያነጋገረኝ ባለቤቱ ነው፤ እሱም ከወንበሩ አልተነሳም።

«ስንት ኪሎ ጭነሽበት ነው?»

ነገርኩት።

«ቦርሳ እንጂ አህያ አልሸጥንልሽም።»

ገንዘብ ተቀባይዋ ሳቀች። ካርቶኑን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ዓይኑን እንኳ አላሳረፈበትም። «ደረሰኝሽን አምጪ» አለ። ሰጠሁት። በጣቱ እየጠቆመ እንደ ሕፃን አስነበበኝ። «ምን ይላል? ቦርሳ። የወሰድሽው ምንድን ነው? ቦርሳ። ታዲያ ምን ቀረሽ?» አለኝ። እውነትም ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ቦርሳ 1» ብቻ ነው፤ ስም የለው፣ ሞዴል የለው። ያንን የጻፉት ለዚች ቀን ነው።

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየሁት፤ ወፍራሙ ቀበቶ፣ ቀበቶው ላይ ያሉት ሁለት የዚፕ ኪሶች፣ ሰፊው ማንገቻ ሁሉ ይታያል። ቀና ስል ያ ቦርሳ፣ ፎቶው ላይ ያለው፣ እኔ ያዘልኩት ቦርሳ እዚያው መንጠቆ ላይ ተሰቅሏል። «ይኸው እሱ ነው፤ የተስማማሁት በእሱ ነው፤ እሱን ስጡኝና ልሂድ» አልኩ።

«እሱ ናሙና ነው። አይሸጥም።»

የምንድን ነው ናሙናው? ሱቁ ውስጥ እሱን የሚመስል ሁለተኛ ቦርሳ የለም። ይህን ስጠይቀው ባለቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ እኔ አዞረና ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «እህቴ፣ ቦርሳው ምንም አልሆነም። ይህ የወንድ ሥራ ነው፤ የማትችይውን ተሸክመሽ ትከሻሽ ሲያምሽ እኛ ምን እናድርግሽ?» አለኝ። ገንዘቤን ወስደው፣ ሌንሴን አሰብረው፣ በመጨረሻ ጥፋቱን በሰውነቴ ላይ አላከኩት። ሻጩ ይህን ሁሉ ይሰማል። በእነዚያ እጆቹ ቀበቶውን ዳሌዬ ላይ ያሳረፈው፣ ክብደቱን እንደቻልኩት በዓይኑ ያየው እሱ ነው። አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

በዚህ መካከል አንድ ወጣት ገብቶ ያንኑ የተሰቀለውን ቦርሳ ይዳስስ ጀመር። የደረሰብኝን ነገርኩት፤ ካርቶኑንም አሳየሁት። ያን ጊዜ ነው ባለቤቱ ከወንበሩ የተነሳው። «ሥራ አታስፈቺን፣ ውጪ!» ብሎ በሩን አሳየኝ። ወጣቱ ግን ተከትሎኝ ወጣ።

ልትገዙ የምትሄዱ፣ ያዘላችሁትን ራሱን ቦርሳ ካልሰጧችሁ አትክፈሉ፤ አቧራው ይታጠባል። ታሽጎ የመጣ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው አስከፍታችሁ የራሳችሁን ዕቃ ጭናችሁ አዝሉት፤ ጀርባውን በጉልበታችሁ ተጫኑት፣ ዘንግ ያለው አይታጠፍም። ደረሰኙ ላይ ስሙና ሞዴሉ ይጻፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ከአዋጅ አይበልጥም።

እኔ ቀኑ አላለፈብኝም። ፎቶውን፣ ደረሰኙን፣ ገንዘቡን ያስተላለፍኩበትን መልእክት፣ የተቀደደውን ቦርሳና ካርቶኑን ይዤ በዚህ ሳምንት አቤቱታዬን አስገባለሁ። በዚሁ መንገድ ናሙና ለክታችሁ የታሸገ የተሰጣችሁ ካላችሁ ቦርሳውን አትጣሉት። ጀርባውን ቀዳችሁ እዩትና ካርቶን ካገኛችሁበት ጻፉልኝ፤ የሰዎቹ ቁጥር በበዛ መጠን «ትከሻሽ ነው» የሚለው መልስ አያዋጣቸውም።