የሕሊና ጸሎት ወይስ የስም ሐውልት?

ያረፉ የእግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎችን ለማሰብ የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት ወጪ የለውም፤ ቡድኖቹ በመሀል ሜዳው ክብ ይቆማሉ፣ ዳኛው በፊሽካ ያስጀምራል፣ በፊሽካ ያበቃል። የሚበላሸው ጅማሬው ላይ ነው። ዘግይቶ የደረሰ ሰው ሳያውቅ ይዘፍናል፣ ሌላው «ዝም በል!» ብሎ ሲጮህበት ጸጥታው ይፈርሳል። ስለዚህ በድምፅ ማጉያ ቀድሞ መንገር፣ በየደረጃው አስተናባሪ ማቆም ያስፈልጋል። በዝምታው ፈንታ ማጨብጨብ ጩኸቱን ይሸፍናል፤ ለሐዘን ግን ዝምታ ይሻላል።

የሟቾች ስም የተቀረጸበት ሐውልት ግን ጨዋታ በሌለበት ቀንም አበባ ይቀመጥበታል፤ እኛም አቅም ላለው ክለብ የምንመርጠው ይህንን ነው። ስሙ ከመቀረጹ በፊት ቤተሰብ ፊደሉን አይቶ በፊርማው ያረጋግጥ፤ ድንጋይ ላይ ስህተት አይፋቅም። ባዶ ቦታም ይተው፦ እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዙ ሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው የመጨናነቅ አደጋ የተጎዳ የሊቨርፑል ደጋፊ በ2021 ሲያርፍ ሟቾቹ 97 ሆነዋል።