ጋና ወይስ ሴኔጋል? ለአጭር ጉብኝት የቱ ይሻላል?

አራት አምስት ቀን ብቻ ካላችሁ ሁለቱንም ለማዳረስ አትሞክሩ። አንዱን ምረጡ።

ርቀት፦ እዚህ ላይ ሴኔጋል ትመቻለች። የባሪያ ንግድ ታሪክ የሚታይበት ጎሬ ደሴት ከዋና ከተማዋ ከዳካር ወደብ በጀልባ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። ይኸው ታሪክ የሚታይበት የጋናው የባሕር ዳር ከተማ ኬፕ ኮስት ግን ከዋና ከተማው ከአክራ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ትራፊክ ካለ ደግሞ ከዚያም በላይ።

የሚታየው፦ የባሪያ ንግድ ታሪክ ሁለቱም ጋ አለ። እንደኔ ግን የጋናው የበለጠ ልብ ይነካል። ከኬፕ ኮስት ብዙም ሳይርቅ፣ ፖርቹጋሎች እ.ኤ.አ. በ1482 መገንባት የጀመሩት የኤልሚና ግንብ አለ። ሰዎች ታጉረው የነበሩባቸውን ጨለማ ክፍሎች ገብታችሁ ታያላችሁ። እባካችሁ ጊዜ ስጡት፤ በሩጫ የሚታይ ቦታ አይደለም። በማግስቱ ካኩም ደን ሄዳችሁ ከዛፎቹ አናት ላይ በተዘረጉት ተንጠልጣይ ድልድዮች መሄድ ትችላላችሁ።

ቋንቋ፦ ጋና እንግሊዝኛ፤ ሴኔጋል ፈረንሳይኛና ወሎፍ።

ጤና፦ ለጋና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግድ ነው። ስለ ወባ መከላከያ ለሁለቱም ሐኪም አማክሩ።

ቀኑ ለጠበበበት፣ ባሕርና ከተማ ለሚወድ፣ ቼቡጄን የተባለውን የዓሣና ሩዝ ምግባቸውን መቅመስ ለሚፈልግ ዳካር ትሻላለች። ፈረንሳይኛ ለማይችልና መንገዱ ለማይከብደው ደግሞ ጋና።