የውጭ አሳታሚ ወይስ የራስ ዩቲዩብ?

የኢትዮጵያ ሙዚቀኛ ወደ ዓለም ገበያ የሚወጣበት አንዱ መንገድ የውጭ አሳታሚ፣ ማለትም አልበም አሳትሞ የሚያከፋፍል ኩባንያ ነው። በዋሽንግተን ታክሲ ይነዱ የነበሩት ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮን የቀረጹት አልበም በ2013 በአሜሪካዊ አሳታሚ ዳግም ከወጣ በኋላ ወደ ታላላቅ መድረኮች ተመልሰዋል፤ እንዲህ ያለውን ዕድል ዩቲዩብ ብቻውን ይሰጣል ብዬ አላምንም። ሆኖም የውጭው አድማጭ ዜማውን እንጂ ግጥሙን ስለማይከታተል፣ የአዝማሪው ሰምና ወርቅ ያመልጠዋል፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል።

ዩቲዩብ ግን ዘፈኑን በቀጥታ ለአማርኛ ተናጋሪው ያደርሳል። የማስታወቂያ ክፍያው እንደ ተመልካቹ አገር ስለሚለያይ፣ ከአዲስ አበባ ይልቅ ከአሜሪካ የሚመጣ ተመልካች የተሻለ ገቢ ያስገኛል። ስለዚህ በግጥም ለሚታወቅ ድምፃዊ ዩቲዩብን እመርጣለሁ፤ ለመሣሪያ ተጫዋች ደግሞ፣ የተቀረጸው ሙዚቃ ባለቤትነት በውሉ እስከተጠበቀለት ድረስ፣ የውጭ አሳታሚውን።