ፒክስ ከረጢት፦ ለደረቀ እህል ፍቱን፣ ለእርጥብ እህል ጠንቅ

ከሦስት ወር በላይ ለሚቀመጥ በቆሎ፣ ማሽላና ስንዴ፣ አንድ ገበሬ ወይም አንድ ቤተሰብ በአቅሙ ከሚገዛቸው የነቀዝ መከላከያዎች ፒክስ ከረጢትን የሚስተካከል የለም። እህሉ በደንብ ካልደረቀ ግን ገንዘቡን ኪስ ውስጥ ማቆየት ይሻላል።

ዕቃው ሲታይ ተራ ነው። ከውጭ የተሸመነ ጆንያ፣ ከውስጥ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ሁለት ላስቲኮች። እያንዳንዱ ላስቲክ 80 ማይክሮን ውፍረት ስላለው ከሱቅ ፌስታል ጋር አይወዳደርም። ጆንያው ክብደቱን ይሸከማል፣ ላስቲኮቹ አየር ይከለክላሉ። ምንም መድኃኒት የለበትም።

ታዲያ ነቀዙን ምን ይገድለዋል? ብዙ ሰው ታፍኖ የሚሞት ይመስለዋል፤ ዋናው ገዳይ ግን ጥም ነው። ነቀዝ ደረቅ እህል ውስጥ ሲኖር ውኃ አያገኝም፤ አብዛኛውን የሚያስፈልገውን ውኃ ሰውነቱ ከምግቡና ከኦክስጅን ያዘጋጃል። በታሰረው ከረጢት ውስጥ ኦክስጅኑ እየተተነፈሰ ሲያንስ መብላትም መራባትም ያቆማል፣ ቀስ በቀስ ደርቆ ይሞታል። ከረጢቱን በሳምንቱ ከፍቶ ሕያው ነቀዝ አይቶ «አይሠራም» የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መክፈቱ ራሱ አዲስ አየር ያስገባል፣ ነገሩ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አበጥሮና ነፍቶ ማስገባትም ብቻውን አይበቃም። ሴቷ ነቀዝ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ቀዳዳውን ስለምትደፍነው ከውጭ ሲታይ ንጹሕ ነው። የተፈለፈለው እጭ ውስጥ ውስጡን እየበላ ያድግና በሞቃት አካባቢ በአምስት ሳምንት ገደማ ወጥቶ ይታያል። በቆሎ ደግሞ ገና ማሳ ላይ ሳለ ሊነቅዝ ይችላል።

ዋናው ጉዳይ ማድረቅ ነው። ላስቲኩ አየር እንደማያስገባ ሁሉ እርጥበትም አያስወጣም፤ ስለዚህ የእህሉ እርጥበት ከ13 ከመቶ በላይ ከሆነ ከነቀዝ የተረፈው በሻጋታ ያልቃል። መለኪያ ለሌለው የጨው ፈተና አለ፦ ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ሲሶውን በእህል ሞልቶ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሮ፣ ከድኖ በደንብ መነቅነቅና ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 ከመቶ በላይ ነው። ካልተጣበቀም ቸኩሎ መሙላት አያስፈልግም፤ ፈተናው 15ን እንጂ 13ን አይለይም፣ ስለዚህ ሸራ ላይ ተጨማሪ ፀሐይ ይምታው። ከፀሐይ የተነሳ ትኩስ እህል ደግሞ ሳይበርድ ከገባ ላስቲኩ ውስጡ ያልበዋል።

ከመሙላቱ በፊት ላስቲኮቹን አንድ በአንድ በአየር ነፍቶ፣ አፋቸውን ይዞ መጫን ነው፤ የተቀደደው እየተነፈሰ ራሱን ያጋልጣል። በቆሎ ከሆነ የቆረቆንዳ ስብርባሪ በደንብ ይለቀም፣ ላስቲክ ይወጋል። እህሉን ጠቅጠቅ እያደረጉ ሞልቶ ከላይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ለማሰሪያ ይተዋል። የውስጠኛውን ላስቲክ አንገት አየሩን እያስወጡ ጠምዝዞ፣ አጥፎ፣ በሲባጎ አጥብቆ ማሰር። ሁለተኛውንም እንዲሁ ለብቻው፤ ጆንያውን መጨረሻ ላይ። ሦስቱንም ሰብስቦ በአንድ ሲባጎ ማሰር፣ ወይም አፉ ድረስ አጭቆ የሚጠመዘዝ አንገት ማሳጣት፣ ከሁሉ የሚበዛው ጥፋት ነው። ብዙ ጊዜ በከረጢቱ የሚመካኘው ብልሽት ከዚህ የመጣ ነው።

ደካማ ጎኑ አይጥ ነው። ነቀዝ የውስጡን ላስቲክ ቢበሳ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ይይዛል፤ አይጥ ግን ሦስቱንም ይቦጭቃል። ከመሬት ከፍ ያለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ሲያንቀሳቅሱም አለመጎተት ያስፈልጋል። አይጥ ለሚፈነጭበት ቤት የብረት ጎተራ ይሻላል፣ ዋጋው ከተቻለ።

የ100 ኪሎውና የ50 ኪሎው መጠን አለ። በየሳምንቱ እየቀነሰ ለሚያስፈጭ ቤተሰብ 50ው ይመረጣል፤ አንዱ ተከፍቶ እስኪያልቅ ሌሎቹ ታሽገው ይቆያሉ። ለጤፍ መግዛት ግን ብክነት ነው፤ ፍሬዋ ለነቀዝ እጭ ማደጊያ አትበቃም። ጤፍን ከበቆሎ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥ የቆየ ዘዴ ነው፣ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልታ ነቀዙን መንቀሳቀሻ ታሳጣዋለች። ብልሃት ነው፣ ኋላ መንፋቱ ቢያደክምም።

ከእህል ጋር ከሚቀላቀለው የነቀዝ መድኃኒት፣ ከማላታይን ዱቄት ጋር ሲነጻጸር ፒክስ ከረጢት ለሚበላ እህል ይመረጣል፦ የዱቄቱ ኃይል በወራት ይደክማል፣ እህሉም መድኃኒት የነካው ይሆናል። የነቀዝ ኪኒን የሚባለው ደግሞ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ የሚያወጣ ነው፤ ሰው በሚያድርበት ቤት ጨርሶ መግባት የለበትም።

ዋጋው ከተራ ጆንያ በጣም ይወደዳል። ያዋጣ እንደሆነ ለማወቅ የ100 ኪሎውን ከረጢት ዋጋ ለአንድ ኪሎ በቆሎ የክረምት ዋጋ ማካፈል ነው፤ ነቀዝ ከኩንታሉ ከዚያ ቁጥር በላይ ኪሎ የሚበላ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት ራሱን መለሰ። በጥንቃቄ ከተያዘ ሁለት ሦስት ምርት ዘመን ያገለግላል። ትንሽ ቀዳዳ በፕላስተር ይደፈናል፤ የውስጠኛው ላስቲክ ከተበሳሳ ወደ ውጭ ወጥቶ ደህናው ወደ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ከተቀደዱ ግን ያው ተራ ጆንያ ነው።