ኤክሴል እንደ ውል መዝገብ፦ እየተማሩ በትርፍ ሰዓት ለሚሠሩ

ዩኒቨርሲቲ እየተማረ በሳምንት ሁለት ቀን ውል አስተዳደር ላይ የሚሠራን ሰው እንቅልፍ የሚነሳው፣ ቢሮ በማይገባበት ቀን የሚያልቅ የጊዜ ገደብ ነው። ማይክሮሶፍት ኤክሴል እዚህ የሚመዘነውም በዚሁ ነው፤ የውል ቁጥርና የተዋዋይ ስም መመዝገብማ ማንም ሠንጠረዥ አያቅተውም።

ጉልበቱ ቀን መቁጠር ላይ ነው። ቀንን በውስጡ እንደ ቁጥር ስለሚይዝ 28 ቀን ለመጨመር +28 ብሎ መጻፍ ይበቃል። ይህ በኮንስትራክሽን ውል ላይ ብዙ ያግዛል። በ1999ኙ የፊዲክ ሬድ ቡክ (በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት መደበኛ የግንባታ ውል) ተቋራጩ የክሌይም ኖቲስ፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍያ ወይም ጊዜ እንደሚጠይቅ የሚያሳውቅበትን ጽሑፍ፣ የሚሰጠው ጉዳዩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን አንስቶ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ የጥያቄውን ዝርዝር ደግሞ በ42 ቀን ያቀርባል። በ2017ቱ እትም ኖቲሱ እዚያው 28 ላይ ሲቆይ የዝርዝሩ 84 ሆኗል። ስለዚህ «የውሉ እትም» የሚል ዓምድ ከሌለ ፎርሙላው ልክ ሆኖ መልሱ ይሳሳታል። ደግሞም እነዚህ የካላንደር ቀናት ናቸው። ቅዳሜና እሁድን የሚዘል ፎርሙላ እዚህ ከገባ ገደቡ በወረቀት ላይ ይረዝምና ኖቲሱ ጊዜው ካለፈ በኋላ ይወጣል።

ለተማሪ እጅግ የሚጠቅመው ወርክዴይ.ኢንትል (WORKDAY.INTL) የሚባለው፣ የሥራ ቀናትን ብቻ የሚቆጥር ፎርሙላ ነው። የሳምንቱን ቀናት ከሰኞ ጀምሮ በሰባት አሃዝ ይቀበላል፤ 0 የሥራ ቀን፣ 1 የማይሠራበት ቀን። ሰኞና ሐሙስ ብቻ ለሚገባ ሰው «0110111» ይሆናል። ገደቡ ላይ 1 ደምረው አንድ የሥራ ቀን ወደኋላ (-1) ሲያስቆጥሩት፣ ገደቡ ሳያልፍ የሚገኘውን የመጨረሻ የቢሮ ቀን ያወጣል። ገደቡ ቅዳሜ ከዋለ ሐሙስን ያሳያል። መጨረሻ ላይ የበዓላት ዝርዝር ይጠይቃል፤ እዚያ የፈተና ቀናትን መስጠት ነው። ሐሙስ ፈተና ካለ መልሱ በራሱ ወደ ሰኞ ይሸሻል። ይህ ብቻውን ኤክሴልን ያስመርጣል።

ችግሩ የሚጀምረው ቀን ሲጻፍ ነው። ኮምፒውተሩ ወርን ከቀን የሚያስቀድም ከሆነ 05/03 ለማለት የታሰበው የሦስተኛው ወር 5ኛ ቀን፣ የአምስተኛው ወር 3ኛ ቀን ሆኖ ይገባል፤ ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። 25/03/2026 ቢጻፍ ደግሞ 25 የሚባል ወር ስለሌለ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ወደ ግራ ተጠግቶ ይቀመጣል፣ ገደቡ ሰባት ቀን ሲቀረው ቀኑን ቀይ እንዲያደርግ በኤክሴል የተሠራ ደንብ ካለም አይነካውም። ዓምዱ በዳታ ቫሊዴሽን (የሚጻፈውን ዓይነት በሚገድበው ቅንብር) ቀን ብቻ እንዲቀበልና ወሩ በስም እንዲታይ ማድረግ ብዙውን ያድናል፤ ከሌላ ፋይል ፔስት የሚደረገውን ግን ቫሊዴሽንም አያስቆመው።

የባንክ ዋስትና ቁጥር ላይ ደግሞ ጨካኝ ነው። ከ15 አሃዝ በላይ ያለውን ወደ ዜሮ ይቀይራል፣ ከፊት ያለውን ዜሮም ይበላል። ዓምዱ ከመጻፉ በፊት ቴክስት ይደረግ፤ ከተበላ በኋላ ፎርማት መቀየር ቁጥሩን አይመልስም።

ሁሉን የሚያስንቀው ጉድለቱ ግን ዝምታው ነው። ፋይሉ ካልተከፈተ ቀዩን ማን ያየዋል? ቢሮ በየቀኑ ለማይገባ ሰው ይህ ከባድ ነው። ፎርሙላው ያወጣው ቀን አውትሉክ ካላንደር ላይ መግባት አለበት፤ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ የሆነ ባልደረባም አብሮ ሊጋበዝበት ይገባል። ጉዳዩ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና (ተቋራጩ ሥራውን እንደ ውሉ እንደሚፈጽም ባንክ የሚሰጠው መተማመኛ) የሚያልቅበት ቀን ከሆነ አንድ ወር አስቀድሞ ቢያስታውስ ይሻላል፤ ማራዘሚያው ከተቋራጩ ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ አሠሪው እስኪዞር ቀን ይበላል። ራሱ ኢሜይል የሚልክ የውል ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የሚያስፈልገው ውሎቹ በመቶዎች ሲሆኑ ነው፤ ለጥቂት ደርዘን ውል ኤክሴልና ካላንደር ይበቃሉ።

ዩኒቨርሲቲው በሰጠው አካውንት ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ) ላይ ግን መዝገቡ አይቀመጥ። የአሠሪው ምስጢር ነው፤ አካውንቱ ከምረቃ በኋላ ሲዘጋም ሊንኩን የለመዱት ባልደረቦች መዝገብ አልባ ይቀራሉ።