ሚኒሞ ለማይይዝ መኪና፦ ሳሪስ አካባቢ ያሉ አንድ መካኒክ ልጠቁማችሁ

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ የቤንዚን መኪና የምትነዱ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ሳሪስ አካባቢ አንድ መካኒክ አሉ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው፤ ደንበኛው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ኮሮላዬን ካላስፈላጊ ወጪ አድነውልኛልና በአደባባይ እግዜር ይስጥልኝ ልላቸው ፈለግኩ።

መኪናዋ በፈረንጅ የ2006 ሞዴል ናት። ችግሯ ሚኒሞ አለመያዝ ነበር፤ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ ረግቶ አይሠራም። ጠዋት ስትነሳ አንዴ ትጮኻለች፣ አንዴ ልትጠፋ ትንቀጠቀጣለች። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ቀረ። የብልሽት ኮዱ በኮምፒውተር ሲነበብ ፒ 0171 ይላል። ለሞተሩ የሚደርሰው አየር ከቤንዚኑ በልጧል ማለት ነው።

መጀመሪያ ያየልኝ ትልቅ ጋራዥ ነው። ስሙ ይቅር። ኮዱን አነበቡና ወዲያው የዕቃ ዝርዝር አወጡ። የሚገባውን አየር የሚለካው ኤርፍሎው ሴንሰር ይቀየር፣ የአየሩ በር የሆነው ትሮትል ቦዲ እንዳለ ይቀየር፣ አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድም ከነጓርኒሲዮኑ ይቀየር። ሁሉም ከወኪሉ የሚመጣ ኦሪጅናል መሆን አለበት አሉ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግርም። በዚያ ላይ "የሞተሩ ሳክሽን ደክሟል"፣ ማለትም አየር የመሳብ ኃይሉ ቀንሷል፣ ብለው አስፈራሩኝ።

ጋሼ ዝርዝሩን ለማየት እንኳ አልፈለጉም። "ኮዱ ሰፈሩን ነው የሚነግርህ፤ ቤቱን ራስህ ነህ የምታንኳኳው" አሉኝ። ከዚያ ኮምፒውተራቸውን ሰክተው ፊውል ትሪም የሚባለውን፣ የመኪናዋ ኮምፒውተር ቤንዚኑን ምን ያህል እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ የሚያሳየውን ቁጥር፣ አዩ። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የመኪናዋ ኮምፒውተር ከመደበኛው ከ20 በመቶ በላይ ቤንዚን እየጨመረ ነበር። በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ሲይዙት ጭማሪው በጣም ወረደ። ይህ ለእሳቸው የሆነ ቦታ አየር በቀዳዳ እየገባ ለመሆኑ በቂ ፍንጭ ነው። በሚኒሞ ጊዜ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ቀዳዳ ብዙ ታዛባለች። ቤንዚን ሲረገጥ ግን ብዙ አየር ስለሚገባ ያቺው ቀዳዳ ከቁጥር አትገባም። የቤንዚን ፓምፕ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ሲረገጥ ይብስ ነበር እንጂ አይሻልም።

የሳክሽኑን ወሬ ሲሰሙማ ሳቁ። መጽሐፍ ላይ ያለው ከ17 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ) የሚለው የቫኩም፣ ማለትም የሳክሽን፣ ልክ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀነሳል። ስለዚህ እዚህ ጤነኛ ሞተር ከ10 እስከ 14 ኢንች ቢያነብ አይገርምም። ይህን ሳያስቡ ስንት ደህና ሞተር አስፈትተው ይሆን?

ቀጥለው ጭስ ነፉበት። ሞተሩ ጠፍቶ በአየር መግቢያው በኩል ጭስ ይሞላል፤ ቀዳዳ ካለ ጭሱ ራሱ ያሳያል። ከቫልቭ ሽፋኑ ወደ ማኒፎልዱ የምትሄደው ትንሽ ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) መታጠፊያዋ ላይ ጨሰች። ጎማዋ ደርቆ ተሰንጥቋል። ሌላ ሰው እዚህ ላይ ያቆም ነበር። ጋሼ ግን ረዳታቸውን ሞተሩን አስነስቶ፣ ፍሬን ረግጦ ሪቨርስ እንዲያስገባ አደረጉት። ሞተሩ ወዝወዝ ሲል ከፊልትሮው ወደ ትሮትሉ የሚሄደው ትልቁ ቱቦ ከሥሩ፣ እጥፋቱ ላይ ተከፈተ። ሞተሩ ረግቶ ሲቆም እጥፋቱ ይገጥምና ምንም አይታይም። በመስታወት ነው ያሳዩኝ። በዚያ በኩል የሚገባው አየር ሴንሰሩ አልቆጠረውም፣ በፊልትሮም አላለፈም። ከየግንባታው የሚነሳው የከተማችን አቧራ በቀጥታ ወደ ሞተር ይገባል ማለት ነው።

ጥገናው ከፍለጋው ይልቅ ቀላል ነበር። ትልቁ ቱቦ ሶማሌ ተራ ከተፈታ ኮሮላ ላይ ተገኘ፤ ጋሼ እጥፋቱን አንድ በአንድ ገልጠው ካዩ በኋላ ነው የተቀበሉት። አጠገባችን የነበረ አንድ ሰው "ሲሊኮን ቀብቶ ማለፍ ነው" ሲል "ደርቆ ሲላቀቅ ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል?" ብለው ዝም አሰኙት። ትንሿን ማኒኮቶ ዘይትና ቤንዚን ከሚችል፣ በሜትር ከሚሸጥ ጎማ ቆርጠው ሠሩ። የራዲያተር ጎማ አይሆንም፤ የዘይት ጭጋግ ሲነካው ያብጥና ይላላል። አዳዲስ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) አጠበቁ። ሴንሰሩን ለእሱ በተሠራው ስፕሬይ አጥበው መለሱት። ማኒፎልዱ አልተነካም፤ ጭሱ ሲነፋ ምንም አላፈሰሰም።

አሁን ሚኒሞው ረግቷል። ትሪሙ ከ5 በመቶ በታች ነው፣ መብራቱም ጠፍቷል። የከፈልኩት ከነእጅ ዋጋው ታንክ ሙሉ ቤንዚን ከመቅዳት ብዙም አይርቅም።

ጋሼ የኦሪጅናል ዕቃ ጠላት አይደሉም። የፍሬን ሸራ ላይ ለምሳሌ ያገለገለ ነገር በሩን አያልፍም። የሚጠሉት ሳይመረመር የሚቀየር ዕቃ ነው። ከ2016 ወዲህ የቤንዚን የቤት መኪና ማስመጣት በመከልከሉ ያሉንን ማቆየት ግድ ሆኗል፤ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ደግሞ በየሰፈሩ የለም።

እንከናቸውን ልንገራችሁ። ስልክ ቶሎ አያነሱም። ግቢው ጠባብ ነው፣ ወረፋ አለ። ለቸኮለ ሰው አይሆኑም፣ ቆሞ የሚያጣድፋቸውንም አይወዱም። ቦዲና ቀለም አይሠሩም።

ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ነግረውኛል፤ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። የሚኒሞ ችግር ከሆነ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ማስነሳት ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ መኪናውን ማታ አድርሳችሁ እዚያው አሳድሩት። ኮዱን ደግሞ አስቀድማችሁ አታስጠፉ፤ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።